መጀመሪያ ውስጡን፣ ቀጥሎ ስልኩን፦ ጅማ ላይ የተበላሸ ስልክ ለማስጠገን

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማለዳ አክስቴ ከአጋሮ ደወለችልኝ። የደወለችው በጎረቤቷ ስልክ ነበር። የራሷ ስልክ ጣሪያ ሲያፈስበት ባደረ ጠረጴዛ ላይ ሌሊቱን ቆይቶ፣ ጠዋት ስታነሣው ስክሪኑ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ጨለመ። «ስልኩስ ይቅር፤ የአጎትህ ምርቃት አለበት» አለችኝ። አጎቴ ከማረፉ በፊት ልጁን ሲድር የመረቀውን ምርቃት የቀዳችው በዚያ ስልክ ነው። ሌላ ቦታ የለም።

ድምፅዋን ስሰማ የራሴ ቁስል ተነካ። ከሦስት ዓመት በፊት ስልኬ በርቶ አርማው ላይ እየቆመ አላልፍ ሲለኝ፣ ደንግጬ መጀመሪያ ያገኘሁት ጥገና ቤት ገባሁና «እንዲሠራ አድርግልኝ» ብዬ ሰጠሁ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ እንደ አዲስ ተነሥቶ ተመለሰልኝ። ባዶ ነበር። ጠጋኙ ፎርማት አድርጎታል፤ የአባቴ ድምፅ አብሮ ሄደ። ሳይጠይቀኝ ማጥፋቱን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት ይከብደኛል። ነገር ግን የጠየቅሁትን ነው የሠራልኝ። ስልኩን ማዳንና በስልኩ ውስጥ ያለውን ማዳን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም አንዱ ሌላውን ያጠፋል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከአክስቴ ጋር ያደረግነውን ከዚህ በታች በቅደም ተከተል የምጽፈው፣ ሌላ ሰው በእኔ መንገድ ሄዶ እንዳያውቀው ነው።

አንድ፦ ከቤት ሳይወጡ፣ በመጀመሪያዋ ሰዓት

ስልክዎ ውሃ ከነካው ያጥፉት። ጠፍቶ ከሆነም አያብሩት። «እስኪ ልሞክረው» የምትለዋ ሐሳብ ናት ብዙ ስልክ የምትገድለው። ውሃው ብቻውን ቦርዱን (የስልኩ ክፍሎች የተበየዱበትን ሰሌዳ) ቶሎ አይበላውም፤ ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን መዳቡና ቆርቆሮው እየሟሙ ይዝጋሉ፣ መገናኘት የማይገባቸው መስመሮችም ይገናኛሉ። የማብሪያውን ቁልፍ በተጫኑ ወይም ቻርጀር በሰኩ ቁጥር ይህን ሥራ ያፋጥኑታል። ለአክስቴ በጎረቤቷ ስልክ መጀመሪያ የነገርኳት ይህን ነው፦ «አትንኪው፤ ቻርጅ ላይም አትስኪው።»

ቀጥሎ ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ። ጀርባው በእጅ የሚከፈት ስልክ ከሆነ ባትሪውንም ይንቀሉ፤ ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው። ውጪውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ የቻርጅ ቀዳዳው ወደ ታች እንዲሆን አድርገው ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ያቁሙት።

ሩዝ ውስጥ መቅበር ተለምዷል፤ ይተዉት። አፕል ራሱ በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደንበኞቹን ሩዝ አትጠቀሙ ብሏል፤ ብናኙ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ስልኩን ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ወይም ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ የባሰ ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም። እንደ ጅማ ባለ፣ በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚዘንብበት አገር ደግሞ በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ «ሦስት ቀን ይድረቅ» ብሎ መጠበቅ ዝገቱን መጠበቅ ነው። ውሃ የገባበት ስልክ በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ፣ ተከፍቶ መታጠብ አለበት።

ችግሩ ውሃ ካልሆነ ግን ወደ ጥገና ቤት ከመሮጥዎ በፊት የሚሞከር ነገር አለ። «ቻርጅ አልቀበል አለ» የተባለ ስልክ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ በሌላ ገመድ፣ በሌላ ቻርጀር፣ በሌላ ሶኬት ይሞክሩት። ቀጥሎ ስልኩን አጥፍተው የቻርጅ ቀዳዳውን በመብራት ይመልከቱ። ኪስ ውስጥ የሚውል ስልክ ቀዳዳው ውስጥ የጨርቅ ብናኝ ይጠቀጠቅና ገመዱ እስከ መጨረሻው አይገባም። በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ አድርገው ያውጡት፤ መርፌ አይጠቀሙ። ስልኩ በርቶ ስክሪኑ አልንቀሳቀስ ካለ ደግሞ የማብሪያውን ቁልፍና የድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች በዚህ ራሳቸውን አጥፍተው ይነሣሉ፣ ምንም ነገርም አይጠፋም። የማስነሻ ምርጫዎች ዝርዝር ከመጣ ግን ዳታ የሚያጠፋውን መስመር እንዳይነኩ።

ባትሪው አብጦ የስልኩን ጀርባ ወይም ስክሪን ከፍ ካደረገው ምንም አይሞክሩ። አይጫኑት፣ አይውጉት፣ ቻርጅ ላይ አይስኩት፣ ኪስዎ ውስጥም አያድርጉት። ሊቀጣጠል ይችላል። ሳይጨፈለቅ ይዘው በዚያው ቀን ባለሙያ ያውጣልዎ።

ሁለት፦ ገንዘቡንና ሲሙን ማሳረፍ

ከጭንቀቱ ግማሹ «ብሬስ?» የሚል ነው። ብሩ ስልኩ ውስጥ የለም። ሲሙን አውጥተው ተራ የቁልፍ ስልክ ውስጥ ቢያስገቡት ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ የሞባይል አገልግሎት በ*889# ይከፈታል። ትንሿ ሲም ለአሮጌ ስልክ ስለምታንስ የፕላስቲክ ማስማሚያ ያስፈልጋታል፤ የሞባይል ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ይገኛል። አክስቴ ሲሟን የጎረቤቷ ስልክ ውስጥ አስገብታ ሒሳቧን ስታይ ድምፅዋ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ነው የነገርኳትን በደንብ መስማት የጀመረችው። ስለዚህ ይህን እርምጃ ትንሽ ነው ብለው አይዝለሉት።

ሦስት፦ ወረቀትና እስክሪብቶ

አምስት ነገር ይጻፉ። የስልኩን ሞዴል። የስልኩን መለያ ቁጥር፣ ማለትም 15 አሃዝ ያለውን አይኤምኢአይ (ስልኩ ቢሠራ *#06# ሲደውሉ ይወጣል፤ ካልሠራ ካርቶኑ ላይ ይገኛል)። የጉግል መለያዎን ከነይለፍ ቃሉ፤ ይህኛው ለራስዎ ብቻ ነው፣ ስልኩ በኋላ ፎርማት ቢደረግ ያለ እሱ አይከፈትልዎም። የደረሰውን ነገር ሳይደብቁ። በመጨረሻም ከስልኩ ውስጥ እንዲወጣልዎ የሚፈልጉትን፣ ከሚወዱት ጀምሮ በተራ።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ጠጋኝ ፊት ሲቆም ያፍራል። ውሃ የገባበትን «ዝም ብሎ ጠፋ» ይላል፤ ሁለት ጊዜ ቻርጅ ላይ የሰካውን አልሰካሁም ይላል። ጠጋኙ እንደ ሐኪም ነው፤ የተነገረውን ይዞ ነው የሚጀምረው። ውሃ መሆኑን ካወቀ ቶሎ ከፍቶ ያጥባል። ካላወቀ ቻርጀር ሰክቶ ሊሞክር ይችላል፤ ያ ሙከራ ደግሞ የመጨረሻዋን ዕድል ሊወስድ ይችላል።

አምስተኛውን ከመጻፍዎ በፊት የትኛው በእርግጥ አደጋ ላይ እንደሆነ ይለዩ። የቴሌግራም መልእክቶችዎ፣ ምስጢራዊ ውይይት ከሚባለው በስተቀር፣ በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ናቸው፤ በሌላ ስልክ ሲገቡ ይመጣሉ። የሰዎች ስልክ ቁጥር ከጉግል መለያዎ ጋር የተያያዘ ከሆነ በዚያ አለ። ፎቶ በጉግል ፎቶ ይቀመጥልዎ ከነበረ በኮምፒውተር ገብተው ማየት ይችላሉ፤ ነጻው ቦታ 15 ጊጋባይት ስለሆነና ኢሜይሉም ከዚያው ስለሚቆረስ፣ ከሞላ በኋላ ያነሡት ግን እዚያ አይኖርም። ሚሞሪ ካርድ ካለዎት እሱንም ሌላ ስልክ ላይ ይክፈቱት። የድምፅ መቅጃው ላይ የቀዱት ግን ብዙውን ጊዜ ስልኩ ውስጥ ብቻ ነው። የአክስቴ ዝርዝር በዚህ መንገድ እየጠበበ ሄዶ ሁለት መስመር ሆነ፦ ምርቃቱ፣ የልጅ ልጇ የክርስትና ፎቶዎች።

አራት፦ መንገዱ

ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አክስቴ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በሚኒባስ መጣች። መንገድ ላይ ያለችው የቡ ከተማ ስትደርስ ፈትታ ቁልፉን ልትጫነው እጇ ሄዶ እንደነበር መነኸሪያ ላይ ነገረችኝ። ጭንቀት እጅን አያስቀምጥም፤ ስለዚህ ስልኩን ለመድረስ በሚያስቸግር ቦታ ይያዙት። እርጥብ ስልክ ላስቲክ ውስጥ አይታሠርም፣ ያምቀዋል፤ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ቦርሳ ውስጥ ያድርጉት፣ ዝናብ ካለ ቦርሳውን ይሸፍኑ።

የቀኑ ምርጫም አለ። የሂርማታ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በሐሙሱ የታወቀ ነው፤ በገበያ ቀን የጅማው መርካቶ አካባቢ ያለ ጠጋኝ ፊቱ አሥር ሰው ተደርድሮ ተረጋግቶ የሚመለከትልዎ አይሆንም። ውሃ የገባበት ካልሆነ በስተቀር ሌላ ቀን፣ ጠዋት ይሂዱ። ከመነሣትዎ በፊት መብራት መኖሩን ይጠይቁ። መብራት ከሌለ የሚበየድ ነገር የለም፤ ሥራው መሐል ላይ ሲቋረጥም ጥሩ አይደለም።

አምስት፦ ማን ይክፈተው?

የሱቁን ስፋትና የተሰቀለውን የስልክ መሸፈኛ ብዛት አይመልከቱ። ጠረጴዛውን ይመልከቱ። ቦርድ የሚጠግን ሰው ጠረጴዛ ላይ ማይክሮስኮፕ፣ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ቮልቱና አምፔሩ የሚነበብ ኃይል ሰጪ ሣጥን፣ ሙቅ አየር የሚነፋ መበየጃና የአልኮል ጠርሙስ ይኖራል። እነዚህ የሌሉት ሰው ስክሪንና ባትሪ ሊቀይርልዎ ይችላል፤ ለዚያ ጥሩ ይሆናል። ጠፍቶ የቀረ ስልክ ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ውስጡ ያለው ሳይጠፋ ማስነሣት ይቻላል?»

የገባንበት የመጀመሪያው ቤት ልጁ ስልኩን ተቀብሎ ገለበጠውና፣ ሳይከፍተው «ፎርማት ካልተደረገ አይነሣም» አለን። አክስቴ እኔን አየችኝ። አመስግነን ስልኩን ይዘን ወጣን። ፎርማትም ሆነ ፍላሽ ማድረግ (ሶፍትዌሩን እንደገና መጫን) ለሚበራና በሶፍትዌር ችግር ለሚንገታገት ስልክ ነው፤ ውሃ ገብቶበት ጭራሽ ላልበራ ስልክ ሳይከፍት መድኃኒቱን የሚናገር ሰው አልመረመረም። ስልክዎን ተቀብሎ መውጣት ነውር አይደለም። እኔ ያን ጊዜ አፍሬ ነው የተውኩት፤ እናንተ ግን ሐፍረት አይያዛችሁ፤ ስልኩን እጃችሁ ላይ እስክታደርጉም አትውጡ።

ሁለተኛው ባለሙያ ጥያቄውን ሲሰማ በጥያቄ መለሰ፦ «እናቴ፣ መቼ ነው የረጠበው? ከዚያ ወዲህ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል?» ቁጭ አልን።

ስድስት፦ የሚነገረው ቃል

ስልኩን ከመስጠትዎ በፊት ይህን ይበሉ፣ ቢቻል ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፦ «ፎርማት እንዳይደረግ። ቦርዱ እንዳይቀየር። መጀመሪያ እንዲነሣና ፋይሉ እንዲገለበጥ ብቻ ነው የምፈልገው፤ ሌላውን ጥገና ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።» የምርመራ ዋጋ ስንት እንደሆነና ካልተሳካ ምን እንደሚከፈል አስቀድመው ይጠይቁ። የተቀየረ ዕቃ ካለ አሮጌው እንዲመለስልዎ ይንገሩ።

ቦርዱ እንዳይቀየር የሚለው ለምን እንደሚያስፈልግ ማወቅ ይጠቅማል። ከአንድሮይድ 10 ጋር የወጡና ከዚያ ወዲህ ያሉ ስልኮች ውስጣቸው ያለውን ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት። ቁልፉ የተሠራው ከእርስዎ የስክሪን ቁጥርና ቦርዱ ላይ ካለው ፕሮሰሰር ነው። የማኅደረ ትውስታውን ቺፕ ነቅሎ ሌላ ቦታ ማንበብ ዋጋ የለውም፤ የሚወጣው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው። ምርቃቱ እንዲሰማ ያው የድሮው ቦርድ፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ ነፍስ መዝራት አለበት። ቦርድ የቀየረልዎ ሰው አዲስ ስልክ ሰጠዎት ማለት ነው።

ሰባት፦ ጠረጴዛው ላይ ምን እንደሚሆን

ይህን የምዘረዝረው ቢያዩት የሚያስደነግጥ ስለሆነ ነው። ባለሙያው ጀርባውን በሙቀት አላቅቆ መጀመሪያ የባትሪውን ማያያዣ ነቀለ። ቦርዱ ሲወጣ በቻርጅ መግቢያው በኩል አረንጓዴና ነጭ ዝገት ጀምሮ ነበር። ከፍተኛ ንጥረት ባለው አይሶፕሮፒል አልኮል በለስላሳ ብሩሽ አጠበው፤ ይህ አልኮል ውሃውን ይዞ ቶሎ ስለሚተን ነው የሚመረጠው። ካደረቀው በኋላ ቦርዱን 4 ቮልት አካባቢ ከሚሰጠው ሣጥን ጋር አገናኘው። ማብሪያው ሳይነካ የአምፔሩ ቁጥር ከፍ አለ። አንድ ቦታ ኃይል መሄድ በማይገባው መንገድ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። የትኛው ክፍል እንደሚሞቅ ፈልጎ ከአሸዋ ፍሬ የማይበልጥ ካፓሲተር የሚባል አንድ ክፍል አነሣ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ። አክስቴ ይህን ሁሉ ስታይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

ማብሪያውን ሲጫነው ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ቀረ። ይህ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ነው፤ ሆኖም መንቀጥቀጡ ቦርዱ መነሣቱን ይናገራል። ለማየት ብቻ የሚሆን ስክሪን ለጊዜው ይገጠምለታል፣ መግዛት ግድ አይደለም። ስክሪኑ እያሳየ መንካቱ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ በኦቲጂ ማያያዣ የኮምፒውተር ማውዝ ሰክቶ ቁጥሩን ማስገባት ይቻላል።

የመክፈቻ ቁጥሩን አክስቴ ራሷ አስገባች። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ አጠገቡ ይቀመጡ። ስልኩ በርቶ እያለ ጥለውት መሄድ ግድ ከሆነ፣ ከ2022 ወዲህ ብዙ የሳምሰንግ ስልኮች የግል ነገርዎን ደብቀው ለጠጋኝ የሚከፈቱበት የጥገና ሁነታ አላቸው፤ ቅንብር ውስጥ ያገኙታል። እሱ ከሌለ ሚሞሪ ካርዱንና ሲሙን ይዘው ይሂዱ፣ የመክፈቻ ቁጥሩንም ስልኩ እንደተመለሰ ይቀይሩ። የቴሌብርና የባንክ ምስጢር ቁጥር ግን ለማንም ጠጋኝ፣ በምንም ምክንያት፣ አይሰጥም።

ፋይሉን መጀመሪያ ይገልብጡ፣ ያውም በዝርዝርዎ ተራ። ምርቃቱ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ፍላሽ ወጣ። ተገለበጠ ስለተባለ አይመኑ፤ ከፍላሹ ላይ፣ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ከፍተው እስከ መጨረሻው ይስሙት። ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍተው የአጎቴ ድምፅ ሱቁን ሞላው፤ «እንደ ዋርካ ስፉ» ሲል አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ባለሙያው ሥራውን አቁሞ እስኪያልቅ ጠበቀ።

ቢያንስ አንድ ባለሙያ ከፍቶ አይቶ ካልቻለ፣ ሌሎች እንዲቆፍሩት አይፍቀዱ። እያንዳንዱ ሙቀት የሚቀጥለውን ሰው ዕድል ይቀንሳል። እንዳለ አሽገው፣ የተሠራበትን በወረቀት አጽፈው፣ አዲስ አበባ ወዳለ የቦርድ ባለሙያ መውሰድ ይሻላል፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ሩቅ አይደለም።

ስምንት፦ ከሱቁ ሳይወጡና ቤት ሲገቡ

ስልኩን መጠገን የሚታሰበው አሁን ነው። ውሃ የነካው ባትሪ ቢቀየር ይመረጣል። ሲረከቡ ይደውሉበት፣ ድምፅዎ ለወዲያኛው ሰው መድረሱን ያረጋግጡ፣ ካሜራውን በሁለቱም በኩል፣ ቻርጅ መቀበሉን፣ የጣት አሻራውን ይሞክሩ። ውሃ የማያስገባ የተባለ ስልክ ቢሆን እንኳ አንዴ ከተከፈተ በኋላ እንደዚያ አይቁጠሩት።

ታጥቦ የተነሣ ስልክ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በዚያው ምሽት ሁለተኛ ቅጂ ያስቀምጡ። እኛ አንዱን ሚሞሪ ካርድ ላይ አድርገን አክስቴ ይዛው ሄደች፤ ሁለተኛውን በራሷ ቴሌግራም ውስጥ ለራሷ በፋይል መልክ ላክንላት፤ ሦስተኛው እኔ ኮምፒውተር ላይ አለ። ፎቶ ሲልኩም በፋይል መልክ ይላኩ፣ ያለበለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል።

የአክስቴ ስልክ በጥቅምት አጋማሽ እንደገና ጠፋ። በዚያው ቀን በጎረቤቷ ስልክ ደወለችልኝ። ስለ ቡናው ለቀማ ብዙ አወራችኝና፣ በመጨረሻ ጅማ ላይ አዲስ ስልክ ስንት እንደገባ ጠየቀችኝ።